የመብራቱ ማስረጃ

እዚህ ቦራ ነፋስ ነው፤ በኔ ቋንቋ ግንባረ ነጭ በሬ፤
ሁለቱም ሲመጡ ዞር ማለት ነው፣ ይህን ለመድኩ እስከ ዛሬ።
ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ማታ፣
ቦራ የትሪየስቴን መስኮት እየዞረ ሲመታ፣
እንሰበሰባለን ከመጽሐፍ ጠራዡ ከሊቪዮ ጓዳ፣
ሙጫ በሚፈላበት፣ በሚሸትበት ቆዳ።
ወንበሩ አራት ነው፣ የአንዱ እግር ሰባራ፤
እሱ ላይ የሚቀመጥ፣ የዚያን ቀን የሚያነብ ባለተራ።

ኦንዲና ፍቅር ትጽፋለች።
ሠላሳ አንድ መጽሐፍ፣ በባቡር ጣቢያ የሚሸጥ፤
ገጽ አርባ ላይ መሳም፣ ገጽ መቶ ላይ መገላመጥ፣
ከዚያ እርቅ። "አንባቢዬ ከፍሏል፣" ትላለች፣ "ደስታውን ልስጥ።"
ሠላሳ አንድ ጥንድ በሰማንያ አስራለች።
በአረንጓዴ ቀለም ስለምትጽፍ አውራ ጣቷን ያየ ሰው
ጎመን ስትቀነጥስ የዋለች ነው የሚመስለው።

ዝድራቭኮ ግን የታሪክ ልቦለድ ነው የሚጽፈው፤
ዕድሜውን በጉምሩክ ኬላ ሻንጣ ሲፈትሽ የኖረ ሰው፣
አሁንም ያልተፈተሸ ቃል በብዕሩ አያልፈው።
አንድ መጽሐፍ ብቻ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።
ጀግናው የፒራን የጨው ጸሐፊ፣ ወዳጁ የጀልባ ሸራ ሰፊ ናት፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጃፏ ላይ አቁሞታል በሌሊት።
"ለምን አይገባም?" ስንለው፦
"ቤቷ መብራት መኖሩን ገና አላረጋገጥኩም፤
ያን ዓመት ዘይት ተወድዶ ነበር፤ ሰው በጨለማ አላስገባም።"
"የኔዎቹ ይኼኔ ሦስት ልጅ ወልደዋል፣"
አለች ኦንዲና፣ "ያንተ ሰውዬ ብርድ ላይ ደርቋል!"

እኔ ሌሊት ሆቴል እንግዳ እቀበላለሁ፤
ቁልፍ አስረክቤ፣ ፓስፖርት መዝግቤ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዬን እሆናለሁ፤
ያኔ ከመዝገቡ ሥር ደብተሬን እስባለሁ፣
በጎንደር ዘመን የኖረች የብራና ፋቂ ልጅ እጽፋለሁ።
በአማርኛ ነው። አይገባቸውም፤ ሳነብ ግን ዝም ብለው ይሰሙኛል፤
ኦንዲና ድምፄን ብቻ ሰምታ "እዚህ ጋ አልወደደችውም፣" ትለኛለች፤
ብዙውን ጊዜ ልክ ናት።
ዝድራቭኮ ደግሞ፣ "ብራናው የፍየል ነው የበግ?
ስንት ቀን ይዘፈዘፋል?" ብሎኝ ሳምንት ሙሉ ስፈልግ።

በየካቲት ተራው የሱ ሆነ።
ሰባራው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አነበበ።
ሸራ ሰፊዋ መርፌ ስትይዝ
አውራ ጣቷ አረንጓዴ ነበር።
"ከመዳብ ዝገት፣" አለ ቀና ብሎ፣ "ወይ ከባሕር ሣር።"
ማንም አልጠየቀውም ነበር።
ሊቪዮ ዓይኑን ከሙጫው ድስት አላነሣም፤
ኦንዲና ጣቷን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች፤ አልሳቀችም።
ቆይታ፣ "ሰውየው ለምን አይናገርም?"
"መዝገብ ላይ የለም።"
"ሆድ ይፍጀው" የሚል አባባል በቋንቋው ይኑር አይኑር አላውቅም፤
ፊቱ ላይ ግን በአማርኛ ተጽፎ አነበብኩት።

ያኔ በሩን በቀንዱ በርግዶ ቦራ ገባ፤
ወረቀቱን አንሥቶ በተነው እንደ አበባ።
አራታችንም ተንበርክከን ለቀማ፤
ገጽ ስድስት ከሙጫው፣ ገጽ ሃምሳ ከሊቪዮ ጫማ፣
ደጃፍ ላይ የቆመው ሰውዬ ከጠረጴዛው ሥር፣ ጨለማ።

ኦንዲና "ላርመው" ብላ ይዛው ሄደች።
ሠላሳ አንድ ጥንድ የዳረች ሴት
ማታ የምታጥበው አንድ ሳህን ነው፤ አንዴ ሸኝቻት አይቻለሁ።

በመጋቢት ሐሙስ መለሰችለት።
አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምራለች፣ አንድ "እጅግ" ሰርዛለች፤
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ኅዳጉ ላይ እንዲህ ብላለች፦

"መብራቱ ነበረ።
ዘይቱ ተወድዶም ነበረ።
ማስረጃ ካስፈለገህ፣ ያበራሁት እኔ ነኝ።"

ዝድራቭኮ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ፤
እንደ ሻንጣ ገለባብጦ ፈተሸው፤ ጆሮው ቀላ፤ ላብ አፈለቀ።
"ቀን የለውም፣" አለ በመጨረሻ። "ቀን ጻፊበት።"

እሷ ብዕሯን ስትፈልግ የሥራ ሰዓቴ ደረሰ፤ ኮቴን ደረብኩ።
ጻፈች አልጻፈች እንጃ፤
ነፋሱ በሩን ከኋላዬ ዘጋው።